ያልፈነዳው ኮከብ

ኮከቡ የፈነዳው ሰኞ ጠዋት፣ በሥራ ሰዓት፣ ሶልያና ጥጋቡ የያዘችውን ሻይ ሳትጨርስ ነበር።

የጉና ተራራ መቀበያ ጣቢያ እንደ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ጠዋት ይከፈታል፣ አመሻሽ ላይ ይዘጋል። የሥነ ፈለክ ባለሙያ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተራራ ላይ የሚያድርበት ዘመን ካለፈ ቆይቷል። ከምድር ሆኖ ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ ሳተላይት ከማየት የማያልፍ ሲሆን ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች አንድ በአንድ ወደ ጨረቃ ጀርባ ሄዱ። የአፍሪካ አገሮች ማኅበር መሥርተው በጋራ ያቆሙትም እዚያው ነው። አራት ጠባቂዎች መስታወቱን ይወለውላሉ፣ ሞተሩን ይጠግናሉ፤ ቴሌስኮፑ ያየውን ወደ ጉና ይልካል፤ ጉና ያሉት ደግሞ ሹራባቸውን እንደ ለበሱ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያነባሉ። ከአራቱ ጠባቂዎች አንዱ የሶልያና ባል አቤኔዘር ነው። ከሄደ ዓመት አልፎታል።

የዚያን ዕለት ስክሪኑ ላይ የነበረችው ምስሯ ናት። ይፋዊ መጠሪያዋ ረጅም ቁጥር ቢሆንም ጉና ላይ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሏት። ምስር መሰል ከሚባሉት ጋላክሲዎች ወገን ናት፤ እንደኛዋ ጋላክሲ የተጠማዘዘ ክንድ የላትም፣ እንደ ሌሎቹም ድብልብል አይደለችም። ከጎን ስትታይ መሃሏ ወፈር፣ ዳርና ዳሯ ሳሳ ያለ፣ ሰፌድ ላይ ተረስታ የቀረች አንዲት የምስር ፍሬ ትመስላለች። ኮከብ የሚሠራበትን ጋዝ ጨርሳለች፤ ያሏትን አሮጌ ኮከቦች ይዛ ዝም ብላ ትዞራለች። ዛሬ የሚደርሰን ብርሃኗ ጉዞ የጀመረው በምድር ላይ ሰው የሚባል ፍጡር ከመታየቱ እጅግ ቀድሞ ነው። ሶልያና ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ጀምሮ የምታጠናው እሷን ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ምስሯ ላይ አንድም አዲስ ነገር ታይቶ አያውቅም።

ሰኞ ግን ከቀኝ ጠርዟ አጠገብ፣ ዓርብ ያልነበረ ነጭ ነጥብ ነበር።

«ዶክተር!» ብላ ጮኸች። «ዶክተር ኖላዊ፣ ቶሎ ይምጡ!»

የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ኖላዊ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ረጅም፣ ጎንበስ ብለው የሚሄዱ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው «የኔ ልጅ፣ ይህችን ነጥብ ስንቱ ሲጠብቅ ኖሮ ሳያያት ሞተ» አሏት። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የሌሎች አገሮች ቴሌስኮፖችም ፍንዳታውን ማየታቸውን አረጋገጡ። ማታ ዜና ላይ የሶልያና ፎቶ ወጣ፤ ፎቶው ላይ ፀጉሯ ተሠርቶ ነበር። እሷ ያን ሰሞን ፀጉሯን አልተሠራችም።

ይህን ማንም ልብ አላለውም፤ እሷም ብትሆን። በዚያ ዘመን አሟይ የሚሉት፣ የጎደለውን ሁሉ በራሱ የሚሞላ ፕሮግራም የማይነካው ነገር አልነበረም። ስልክ ሲቆራረጥ የጠፋውን ቃል አሟይ በራሱ በተናጋሪው ድምፅ ይሞላዋል። ከቤተ ክርስቲያን የሚተላለፍ ስብከት መሃል ላይ ቢቋረጥ ምእመኑ ሳያውቅ ስብከቱ ይቀጥላል። ፎቶ ላይ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ዓይኑ ይገለጣል። በሶልያና የሠርግ ፎቶ ላይ ከሙሽሮቹ ጀርባ ኮት የለበሱ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ማን እንደሆኑ ከሁለቱም ወገን የሚያውቅ አልተገኘም። የአቤኔዘር እናት እትዬ አርሴማ አንድ ቀን ረጅም ጊዜ አዩአቸውና «የሟቹ ባሌ አጎት መሆን አለባቸው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው አጎት ሆነው ቀሩ።

አቤኔዘር የሚደውለው ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሶልያና ከአማቷ ጋር የምትኖረው ተራራው ሥር፣ ክምር ድንጋይ ከተማ ነው። በዚያ ሳምንት ሐሙስ ሁለቱም የሳሎኑ ግድግዳ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግድግዳው እንደ ስክሪን በራና አቤኔዘር ብቅ አለ። ከጀርባው በመብራት የሚያበቅሏቸው የቲማቲም ተክሎች ይታያሉ።

«እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው?»

«ተመስገን። አንተ ግን ከስተሃል ልጄ።»

«የት ከሳሁ! ሱሪዬ እየጠበበኝ ነው።» ሳቀ። «ሶሊ፣ ኮከብሽን ሰማን። እዚህ ሁላችንም ዘለልን። እዚህ መዝለል ቀላል መሆኑን ታውቂያለሽ።»

«መስታወቱን በደንብ ስለወለወልክልኝ ነው ያየሁት» አለችው።

«ባለፈው ሳምንት ነው የጨረስነው። አንዲት ቅንጣት አቧራ አታገኚበትም።»

ጨዋታው እንደ ሁልጊዜው ለስላሳ ነበር። ማንም የሌላውን ቃል አልነጠቀም፤ ማንም «ምን አልክ?» አላለም። ሲጨርሱ እትዬ አርሴማ ተነሥተው ግድግዳውን ልጃቸው የነበረበት ቦታ ላይ ሳሙት።

ሶልያና ጥርጣሬ አልነበራትም። የሆነው የሆነው በደስታዋ ምክንያት ነው። ጣቢያው ግቢ ውስጥ የጅብራ ተክል በበዛበት ጥግ አንድ አሮጌ የጉልላት ቤት አለ፤ ውስጡ ለተማሪዎች ጉብኝት የተተወ ትንሽ ቴሌስኮፕ ተተክሏል። ስክሪን የለውም፣ አሟይ የለውም፤ መስታወትና የዓይን ቀዳዳ ብቻ ነው። ፍንዳታው ብርቱ ስለሆነ በዚህ በትንሹም መታየት አለበት። «የዚያን ኮከብ ብርሃን በገዛ ዓይኔ ልቀበለው» ብላ አሰበች። ዓርብ ሥራ ሲያበቃ ከዘበኛው ከጋሽ ያብስራ ቁልፍ ወሰደች።

በዚያ ወር ምስሯ ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከአናት በላይ ናት። ጉልላቱ ሲጢጥ እያለ ተከፈተ። ሳተላይቶቹ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ከአድማስ አድማስ ይተማሉ። ሶልያና በመካከላቸው አነጣጥራ ፈለገች፤ ትንሽ ስትለፋ ቆይታ አገኘቻት። አመድማ፣ ደብዛዛ፣ ትንሽዬ ምስር። ዕድሜዋን ሙሉ ያጠናቻትን ጋላክሲ በዓይኗ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ ወደ ቀኝ ጠርዟ ተመለከተች።

ምንም የለም።

ዓይኗን አሸች። የቀዳዳውን መስታወት በሹራቧ ጠረገች። ዙሪያዋ ያሉ ከዋክብት፣ ከፍንዳታው እጅግ የደከሙት ሳይቀሩ፣ ጥርት ብለው ይታያሉ። ከቀኝ ጠርዟ አጠገብ ግን ጨለማ ብቻ ነው። ሳተላይት አለፈ፣ ሌላ አለፈ፤ ጨለማው እንደ ነበር ቆየ።

መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ የሥራዋ ነበር፤ ኮከብ አልፈነዳም። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ኮከብ ካልፈነዳ ስክሪኑ ላይ ያየችውን የላከው ቴሌስኮፑ አይደለም። ቴሌስኮፑ የማያይ ከሆነ፣ እንዲያይ የሚያደርጉት አራት ሰዎች ሥራቸውን አልሠሩም። ትናንት ግን አንደኛው ሳሎኗ ድረስ መጥቶ «አንዲት ቅንጣት አቧራ አታገኚበትም» ብሏታል።

ጋሽ ያብስራ ከውጭ «አየሽው እንዴ?» ብለው ሲጠይቋት ጉልላቱን ዘግታ ወረደችና ቁልፉን መለሰችላቸው።

እሑድ አመሻሽ ላይ ዶክተር ኖላዊን ይዛ ተመለሰች። እሳቸውም አዩ። ከቀዳዳው ቀና ሲሉ ፊታቸው የሌላ ሰው መስሎ ነበር።

«አሮጌ ነው» አሉ። «መስታወቱ አሮጌ ነው።»

«ጎኗ ያለችውን ትንሿን ኮከብ አዩአት?»

«አየኋት።»

«እሷ ከታየች ያኛው እንዴት አይታይም?»

ዶክተር ኖላዊ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሶልያና እንዲያ ወለል ላይ ሲቀመጡ አይታቸው አታውቅም።

«ሌሎቹም እኮ አይተነዋል ብለዋል» አሉ፤ ልጅ ሆነው የሚለምኑ ይመስላሉ።

«በምን አዩት? በአሟይ አይደል? የእኛ ዜና ከወጣ በኋላ አይደል?»

ምስር መሰል ጋላክሲ ውስጥ አንዳንዴ አሮጌ ኮከብ እንደሚፈነዳ መጽሐፍ ሁሉ ይናገራል። አሟይ መጽሐፉን ሁሉ አንብቧል። የሚጠበቅ ነገር ሲዘገይ ቦታውን ባዶ መተው አያውቅም።

«ጥሬው የት አለ? ከመሞላቱ በፊት የሚደርሰን?» አለች ሶልያና።

«ጥሬ ማን ያስቀምጣል ልጄ? ገና መቀበያው ላይ ሲደርስ አሟይ ይወስደዋል። እኛ ጋ የሚመጣው ሙሉው ነው።» መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ጨበጡ። «እኔ ከጠባቂዎቹ አለቃ ጋር ማክሰኞ ማክሰኞ እነጋገራለሁ። ሁልጊዜ ደህና ናቸው። አንድ ቀን እንኳ የጎደለ ነገር የለም። ዓመት ሙሉ አንድ ብሎን ጠፋብን ያላሉኝ ሰዎች ናቸው።»

«አሟይ ይጠፋል?»

«ማጥፊያ አለው። ያለ ማኅበሩ ፈቃድ መንካት ክልክል ነው።» ትንሽ አሰቡ። «ፈቃድ ብጠይቅ ደግሞ መልሱ የሚመጣልኝ በአሟይ በኩል ነው።»

ሁለቱም ሳቅ የሚመስል ነገር ሞከራቸው፤ አልወጣላቸውም። ሐሙስ አቤኔዘር ሲደውል፣ ጨዋታው መሃል ላይ፣ ሊያጠፉት ተስማሙ።

በእነዚያ ቀናት ሶልያና ሰው የምታምነው እጇ የሚደርስበት ድረስ ብቻ ሆነ። ባሕር ዳር ያለችው እህቷ ደውላ ስለ ልጆቿ ስታወራ ቆየችና ሶልያና «ይህን የምትለው እሷ ናት?» ብላ ማሰብ ጀመረች፤ ወዲያው ዘጋችው። እህቷ ደግማ አልደወለችም። ይህም ራሱ አስፈራት፤ ምናልባት ሶልያና ከዘጋች በኋላም እህቷ ጆሮ ላይ ጨዋታው ቀጥሎ ይሆናል። ገበያ መሃል የድምፅ ማጉያው ስለ ገብስ ዋጋ ሲናገር ቆማ ታዳምጣለች፤ የት ላይ ተሞልቶ እንደሆነ ለመለየት ትሞክራለች። አንድም ስፌት አይገኝም።

ለአማቷ መናገር ነበረባት። ነገረቻቸው። እትዬ አርሴማ እስከ መጨረሻው ሰሙና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«አጥፍታችሁት ምንም ባይሰማስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ያኔ እናውቃለን፣ እማማ።»

«ማወቅ ምን ያደርግልኛል? እኔ ሐሙስ አለኝ። ሐሙስ ሐሙስ ጉልበቴን ይጠይቀኛል። ልጄን አታጥፊብኝ።»

«እሱ ካልሆነስ?»

«ካልሆነም!» ብለው ጮኹ። ከዚያ በራሳቸው ድምፅ ደንግጠው ማልቀስ ጀመሩ። ሶልያና አቀፈቻቸው። የያዘችው ሰውነት ሞቃትና ቀጭን ነበር፤ ትከሻቸው ይነሣል ይወርዳል፤ ለቀቅ ልታደርጋቸው ፈራች።

ሐሙስ ሲደርስ ግን ሳይጠሩ ነጠላቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። «እኔም እሰማለሁ» አሉ። አብረው ወደ ተራራው ወጡ።

የጣቢያው ትልቁ ስክሪን በራ። አቤኔዘር ከቲማቲሞቹ ፊት ተቀምጧል። ዶክተር ኖላዊ ከጥግ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ትንሽ ሳጥን ከፍተው እጃቸውን ማጥፊያው ላይ አድርገዋል።

«ዛሬ ቢሮ ናችሁ?» አለ አቤኔዘር ደስ ብሎት። «እማዬንም ወደ ሥራ አስገባሻት?»

ሶልያና ፊቱን ታየዋለች። ከግራ ቅንድቡ በላይ ያለችው ጠባሳ በቦታዋ ናት። ሲስቅ አንገቱን ወደ ጎን ማዘንበሉ እንዳለ ነው። ለአፍታ «ይቅር፣ አይጥፋ» ልትል አፏን ከፈተች።

«ሶሊ፣ ምን ሆንሽ? ፊትሽ ልክ አይደለም። ኮከቡ ነው? አትጨነቂ፣ እኛ እዚህ ሆነን—»

ዶክተር ኖላዊ አጠፉት።

ስክሪኑ ግራጫ ሆነ። ከድምፅ ማጉያው ሹሹሹ የሚል ብቻ ወጣ፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከሩቅ እንደሚሰማው። ሦስቱም ቆመው አዳመጡ። እትዬ አርሴማ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሹሹታው ቀጠለ። ሶልያና «አለቀ፣ የለም» ብላ ልቧ ውስጥ ስትናገር ከሹሹታው ሥር አንድ ነገር ተሰማ። አጭር፣ ደረቅ ድምፅ። ደግሞ ተሰማ።

«ሳል ነው» አሉ እትዬ አርሴማ። ዓይናቸውን ገለጡ። «የሱ ሳል ነው! ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሁለቴ ነው የሚስለው። ልጄ ነው!»

የግድግዳው አቤኔዘር በዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ስሎ እንደማያውቅ ሶልያና ያኔ ነው የታወሳት።

«…ሁለት…» አለ ድምፁ። ሹሹታ። «…ሁለት ነን…» ረጅም ሹሹታ። «…ብርዱ… አንቴናው…» የቀረው ተበላ።

ሶልያና ማይክሮፎኑ ላይ ተደፋች። «አቤኔ! ይሰማኛል! እኔ ነኝ፣ ይሰማኛል! እንመጣለን፣ ሰማኸኝ?»

ድምፅ ጨረቃ ደርሶ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል፤ አሟይ ይህንንም ሲደብቅላቸው ኖሯል። ጠበቁ። ድምፁ ተመለሰ፤ ደካማ ነው፣ ግን የተረጋጋ፣ ደስ ያለው ነው ማለት ይቻላል።

«…እሺ ሶሊ… እንዳልሽ… እሷንም…» ሹሹታው ዋጠው።

«ምን እሺ?» አለች ሶልያና። «እኔ እኮ እሺ የሚያስብል ነገር አላልኩትም። ማንን ነው የሚያወራው?»

ዶክተር ኖላዊ አሁንም እጃቸው ማጥፊያው ላይ ነው። «በእነሱም በኩል አሟይ አለ» አሉ ቀስ ብለው። «አንቴናቸው ከተሰበረ ከእኛ የሚደርሳቸው ፍንጣቂ ነው። የቀረውን እዚያ ያለው ይሞላላቸዋል።»

«ስለዚህ ማንን ነው የሚያወራው?»

«አንቺን» አሉ ዶክተር ኖላዊ።

በማግስቱ ማኅበሩ ጣቢያው ለጥገና መዘጋቱን ገለጸ። ዶክተር ኖላዊ ያለ ፈቃድ ማጥፊያ በመንካታቸው ከሥራ ታገዱ። ከናይሮቢ አንዲት ሴት ደውላ ሶልያናን ሰደበቻት፤ ወንድሟ ከአራቱ አንዱ ነበር፣ በየሳምንቱ ይደውልላት ነበር፣ አሁን ግድግዳዋ ባዶ ሆኗል። ሶልያና ስድቡን እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ ስድብ ነውና እውነተኛ ነው ብላ አመነች። የፈነዳው ኮከብ ግን በሰው ሁሉ ስክሪን ላይ እንደ ደንቡ፣ ቀን በቀን ቀስ እያለ ይደበዝዝ ነበር። ተማሪዎች ድብዘዛውን እየለኩ መመረቂያ ጽሑፍ ጻፉበት።

የነፍስ አድን መንኮራኩር ከብዙ ግፊት በኋላ ሄደ። ሶልያና የተጓዦቹን አለቃ ከመነሣታቸው በፊት አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ አገኘችው፤ እጁን ይዛ «ስትደርሱ በቃል አትንገሩኝ» ብላ ለመነችው። «በሕይወት ላለ ለእያንዳንዱ ሰው መብራታችሁን አንዴ ወደ ምድር አብሩልኝ። በትንሹ መስታወት አያለሁ።» መንኮራኩሩ ከጨረቃ ጀርባ ወጥቶ በሚታይበት ምሽት ዶክተር ኖላዊም መጡ፣ ጋሽ ያብስራም ጉልላቱን ከፈቱ። መብራቱ ሁለት ጊዜ በርቶ ጠፋ። ዜናው ግን ቀደም ብሎ አራቱም በሰላም መገኘታቸውን ተናግሮ ነበር።

ከሁለቱ አንዱ አቤኔዘር መሆኑን፣ ሳሉን ቢሰሙም፣ እስኪያርፉ በእርግጥ ማወቅ አልቻሉም፤ የሚመጣው መልእክት ሁሉ በአሟይ በኩል ነው። እትዬ አርሴማ በዚያ ሁሉ ጊዜ ልጃቸውን በስም አልጠሩም።

መንኮራኩሩ ያረፈው አፋር በረሃ፣ ከሰመራ ወጣ ብሎ ነው። ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። የበሽተኛ ማቆያ ድንኳኑ በር ላይ ዶክተር ኤልዳና የምትባል ሐኪም ሶልያናን ተቀበለቻት።

«እሱ ነው» አለቻት ሳታስጠብቃት። «በሕይወት አለ። ሁለቱ የሞቱት ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ከሰማይ ድንጋይ ወርዶ አንቴናውንና መስታወቱን ሲመታ እነሱ ውጭ ነበሩ። እሱና ጓደኛው ግን…» ቃል ፈለገች። «እዚያ የደረሱት ሰዎች ሲስቁ አገኘናቸው ነው ያሉት። ተስፋ አልቆረጡም ነበር። ሰውነቱ ተጎድቷል፤ ቀስ ብለሽ አናግሪው።»

ሶልያና ገባች። አልጋው ላይ ያለው ሰው ጢሙ ደረቱን ነክቷል፤ ጉንጩ ገብቷል፤ ከግራ ቅንድቡ በላይ ያለችው ጠባሳ በቆዳው መሸብሸብ ተውጣለች። ሁለቴ ሳለ። ተንበርክካ እጁን ያዘች፤ አጥንቱ ይቆረቁራል፣ ይሞቃል። ከዚያ ዓርብ አመሻሽ ጀምሮ አልላቀቅ ያላት ፍርሃት ከደረቷ ሲወርድ ተሰማት። አለቀሰች።

«መጣሽ» አለ። እሱም አለቀሰ። ፀጉሯን ዳበሰ። ከዚያ ቀና ብሎ ከጀርባዋ ወደ በሩ ተመለከተ።

«ይዘሻት አልመጣሽም?»

«ማንን?»

«ሙቀቱን ፈርተሽ ነው? ልክ ነሽ፣ ለሕፃን ከባድ ነው።» ፈገግ አለ፤ ድዱ ነጥቷል። «እማዬ ጋ ተውሻት? ጥርሷ አራተኛው ወጣ? ባለፈው ሐሙስ ሊወጣ ነው ብለሽኝ ነበር።»

ሶልያና መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ከመሄዱ በፊት ልጅ ፈልገው በየሐኪሙ ሲዞሩ ኖረዋል። የሄደ ሰሞን፣ ስልኩ ገና የእውነት ስልክ በነበረበት ጊዜ፣ በደወለ ቁጥር «አዲስ ነገር አለ?» ይላት ነበር። እሷም «ገና ነው» ትለው ነበር። ቦታው ባዶ ነበር።

«ጓደኞቼ የሞቱ ጊዜ» አለ አቤኔዘር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በሩን ከፍቼ ልወጣ ተነሥቼ ነበር። ያለ ጠፈር ልብሱ። ያኔ ደወልሽና እርጉዝ ነኝ አልሽኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ በሩን አይቼው አላውቅም። ስትወለድ ለቅሶዋን አሰማሽኝ፤ ማርያማዊት እንበላት አልኩሽ። ስትስቅ አሰማሽኝ። ሶሊ፣ እኔን ያቆየችኝ እሷ ናት። አሳዪኝ በይ። ፎቶዋን እንኳ።»

ዶክተር ኤልዳና ከመጋረጃው አጠገብ እንደ ቆመች ቀርታለች።

ሶልያና አንድ ቃል በቂ እንደሆነ አወቀች። «ቤት ናት» ማለት ብቻ። ቃሉ ምላሷ ላይ መጥቶ ተቀመጠ፤ ለስላሳ ነበር፤ ማንም ስፌቱን አያገኘውም። ከዚያ ቀጥሎ የሚባለውም፣ ከዚያም ቀጥሎ የሚባለው ተሰልፎ ታያት። የፈራችው ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ነው። እጁን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«አቤኔ» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ፤ ደግማ ጀመረች። «ልጅ… ልጅ የለንም። እኔ… አልወለድኩም። እኔ እኮ አልነበርኩም… የሚያናግርህ።»

አቤኔዘር አያት። አልተቆጣም፤ አልጮኸም። ፊቷን ከግንባሯ እስከ አገጯ ድረስ ቀስ እያለ ፈተሸው፤ ከዚያ ጣቶቹን ከመዳፏ አንድ በአንድ አወጣ። እጁን አንሶላው ውስጥ ከተተ። ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል፣ ለማያውቁት ሰው በሚነገርበት ትሕትና ሐኪሟን ጠራ።

«እህቴ፣ እባክሽ ባለቤቴን ጥሪልኝ።»

«እሷ እኮ ናት» አለች ዶክተር ኤልዳና።

«አይደለችም» አለ። «የእኔዋ ስታወራ ድምፅዋ እንዲህ አይቆራረጥም።»